ከማማ ላይ የሚታዩ አእዋፍ



በዚህች በገንዳ ውኃ ከተማ በፊታችሁ ቆሜ ስለ ዱር አእዋፍ ዲስኩር እንዳደርግ የጉባኤው አዘጋጆች በጋበዙኝ ጊዜ ጥሪውን በታላቅ ደስታ ብቀበለውም፣ አንድ ስጋት ግን ከልቡናዬ አልወጣም ነበር፤ ይኸውም በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላ ማሽላ ለሚዘራ ሰው ወፍ የተባለ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚታወሰው የዓመት ድካሙን በጥቂት ቀን የሚያራግፍበት ግሪሳ ስለ ሆነ፣ «አእዋፍን ተመልከቱ፣ ጠብቋቸውም» እያለ የሚመክር ሰው የገበሬ መከራ የማይገባው ሥራ ፈት መስሎ እንዳይታይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ፣ ግሪሳን ውደዱ ልላችሁ እንዳልመጣሁ እንድታውቁልኝ ነው። ስለ ግሪሳ በቦታው በሰፊው እናገራለሁ።

የዛሬው ነገሬ መሠረቱ አንድ ነው፤ እርሱም ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህ መሠረት ላይ ሦስት ነገር አነሣለሁ። በመጀመሪያ ይህ አገር ለአእዋፍ ዕውቀት እንግዳ እንዳልሆነ፣ ቀጥሎ ወፍ መመልከት የሚወድ ሰው ነገሩን በምን እንደሚጀምር፣ በመጨረሻም የቆላችን አእዋፍ ከምን እንደሚጠፉና በምን እንደሚጠበቁ እናገራለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ፣ ጎሕ ሳይቀድ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን በእጁ ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ እርሱን ነበራችሁ። ይህ ልጅ የግሪሳው መንጋ የሚያድርበት ቁጥቋጦ የትኛው እንደ ሆነ፣ በየትኛው ሰዓት ውኃ ለመጠጣት እንደሚወርድ፣ ጭልፊት በላዩ ባንዣበበ ጊዜ ወዴት እንደሚበተን፣ ድምፁም ሲጠግብና ሲራብ እንዴት እንደሚለይ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በሌላው ዓለም ይህን ያህል ለማወቅ ገንዘብ ከፍለው፣ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። የእኛ ልጅ ግን የሚመለከተው ለማባረር ብቻ ስለ ሆነ፣ ያባረረው ወፍ ማን እንደ ነበረ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። ዓይኑ አለን፤ የቀረን ጥያቄው ነው።

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችንም ይህን ነገር ፈጽመው አልናቁትም። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የንሥርንና የሌሎችን አእዋፍ ጠባይ እየተረከ ምሥጢረ ሃይማኖትን ያስተምር ነበር፤ ምንም እንኳ ከትረካው ብዙው በዓይን ተመርምሮ የተገኘ ሳይሆን ለምሳሌ የተነገረ ቢሆን፣ ወፍ የሊቅ ትኩረት የሚገባው ፍጥረት መሆኑን መስክሮ አልፏል።

ስለ እናንተ አገር አእዋፍ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጄምስ ብሩስ ነገር ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ ያለፈው በዚሁ ቆላ፣ በዚያን ዘመን ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው አውራጃ ነው፤ በሽታም ይዞት በዚሁ ሰንብቶ ነበር። የጉዞውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመ ጊዜ፣ በመጨረሻው ቅጽ ስለ አገራችን አራዊትና አእዋፍ የጻፈው ክፍል ዛሬ ሲነበብ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ወፎች ያገኝበታል። እርኩምን ጽፏል፤ አባ ጉምባ የሚል ስም እንዳለውም ገልጿል። ቆላ የሚኖረውን፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነውን፣ የሾላና የዋርካ ፍሬ የሚወደውን ርግብ ጽፏል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ያንን ርግብ እስከ ዛሬ በብሩስ ስም ይጠሩታል። አባ ዮሐንስ ይባላል ያለውንም ነጭ ወፍ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ፣ በክረምት መግቢያ የሚታየውን ገልጾ፣ የጥንት ግብፃውያን ሲቀድሱት የኖሩት፣ ሬሳውንም እያደረቁ በመቃብር ያኖሩት የነበረው ወፍ ይኸው ነው አለ። ይህን ነገር ኩቪየ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ኋላ ከግብፅ የመጣውን የደረቀ የወፍ አፅም መርምሮ አጸናለት።

ነገር ግን ያው ብሩስ፣ ይህን ሁሉ በትክክል አይቶ፣ ማር መሪዋን ወፍ በተመለከተ ተሳሳተ። እየጮኸች፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለች ሰውን ወደ ንብ ቀፎ ትወስዳለች የሚለውን ወሬ አላመነም፤ ማር በሞላበት አገር ለአንዲት ወፍ ማርን የማግኘት ልዩ ጠባይ መስጠት ምን ይረባል ብሎ ተከራከረ። የሰው ምክንያት በወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ የቦረና ሰዎች መካከል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ ማር ቆራጮቹ ወፏ ሳትመራቸው አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ሲደክሙ፣ እርሷ ስትመራቸው 3 ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃቸው ነበር። ለብሩስ በአጠገቡ የነበረ አንድ የቆላ እረኛ ይህን ክርክር በአንድ ማለዳ ይፈታለት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ መመልከት የሚሻ ሰው በምን ይጀምር?

ስለ ዕቃው ብዙ አልናገርም። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ያለው ሰው ደስ ይበለው፤ ሊገዛ የሚሻም በላዩ 8 በ42 የሚል ቍጥር የተጻፈበትን ቢመርጥ፣ ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ፣ መስተዋቱም በማለዳ ጭላንጭል ብርሃን ለማየት የሚበቃ ነው። የሌለው ሰው ግን ስለዚህ ብሎ አይቅር፤ ብሩስ ያያቸውን ወፎች አብዛኛውን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ዝም ብሎ የመቀመጥ ትዕግሥት ነው።

ጊዜው ማለዳ ነው፤ ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ ሙቀቱ ሲበረታ ወፉም ሰውም ጥላ ስለሚሻ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደ ገና ነው። ቦታውንም ለእናንተ መምረጥ ድፍረት ቢሆንብኝም፣ በበጋ ጓንግና ሽንፋ ወንዞች እየተቈራረጡ በየስፍራው ኩሬ ብቻ በሚቀርባቸው ወራት፣ ከአንዱ ኩሬ ፊት ለፊት፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ከብት ከማይነዳበት ወገን የተቀመጠ ሰው ወፎቹን ፍለጋ መሄድ አያሻውም፤ ውኃው ራሱ ያመጣለታል።

ወፏ በመጣች ጊዜ ስሟን ለማወቅ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ግዙፍነቷን ከምታውቋቸው አራት ወፎች ጋር አመዛዝኑ፤ ድንቢጥን ታክላለች ወይስ ርግብን፣ ጅግራን ታክላለች ወይስ ጆፌ አሞራን? ከዚያ ወደ ምንቃሯ ተመልከቱ፤ አጭርና ወፍራም ምንቃር ፍሬ የሚሰብር ነው፤ የተቈለመመና ስለታም ምንቃር ሥጋ የሚዘነጥል ነው፤ ረጅምና ቀጭን ምንቃር ከጭቃ ውስጥ ትል የሚለቅም፣ ወይም የሚበርሩ ነፍሳትን የሚይዝ ነው። ምንቃርን ያየ ሰው የወፏን ምግብ አወቀ፤ ምግቧን ያወቀም ለእርሻው ወዳጅ ትሁን ጠላት ለመፍረድ የሚያስችለውን ግማሽ ማስረጃ አገኘ። ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀለም በጥላና በፀሐይ፣ በክረምትና በበጋ፣ በወንድና በሴት ስለሚለዋወጥ ጀማሪውን አብዝቶ ያታልላል።

ይህን ትምህርት በሚያምሩት የአገራችሁ ወፎች ላይ ልፈትነው። እርኩም በምድር ላይ የሚራመድ፣ በማለዳ ድምፁ ከሩቅ እንደ ከበሮ የሚሰማ፣ እባብና እንሽላሊት፣ አንበጣና ጥንዚዛ የሚለቅም ትልቅ ወፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ወንዱ በጉሮሮው ላይ ቀይ ቆዳ ሲኖረው የሴቷ ጉሮሮ ሰማያዊ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? ደማቅ ቀይ ሰውነትና አረንጓዴ የሚመስል ሰማያዊ ራስ ያለውን ንብ በል ወፍ ደግሞ ተመልከቱ፤ በወንዝ ዳር ገደል ላይ ጉድጓድ እየቈፈረ በማኅበር ይፈለፍላል፤ ምድረ በዳው ሲቃጠል ከእሳቱ የሚሸሹትን ነፍሳት ሊይዝ ወደ ጭሱ ይመጣል፤ በሣር ውስጥ በሚራመድ ትልቅ ወፍ ጀርባ ላይም ተቀምጦ ከእግሩ ሥር የሚነሡትን አንበጦች ይቀልባል። ንብ የሚያነቡ ሰዎች ይህን ወፍ አይወዱትም፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የሚበላውን አንበጣ ደግሞ በሌላው ሚዛን ላይ ማኖር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምወደው ዝናብን ተከትሎ የሚመጣውን ትንሹን ሽመላ ነው፤ ፊቱ ሰማያዊ፣ ጉልበቱ ቀይ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን መንደሮች፣ ይህ ወፍ ዝናብን የሚያበስር ነው እየተባለ ስለሚከበር፣ በመንደሩ ዛፍ ላይና በጎጆው ጣራ ላይ ሳይቀር ጎጆውን ይሠራል፤ ሕፃን ልጅም ድንጋይ አይወረውርበትም። አንበጣና ተምች የሚበላ ወፍ ስለ ሆነ ለአክብሮቱ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። ከጎረቤት ብዙ ነገር ስንገበያይ ይህን ልማድ ሳንገበያይ መቅረታችን ያሳዝነኛል።

ያያችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ወፉን፣ ቍጥሩን፣ ምን ያደርግ እንደ ነበረ፤ ስሙን ያላወቃችሁት እንደ ሆነ መልኩን። ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ስለ አፍሪካ ቀንድ አእዋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ባለ ሥዕል መጽሐፍ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢገኝ፣ ከደብተሩ ጋር እያስተያዩ ስሙን መፈለግ ይቻላል፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመና ለአእዋፍ ዋና የሆኑ ሥፍራዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣ ማኅበር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ደብተር ሲቀርብለት ዋጋውን ያውቃል። በዚያ ዝርዝር 69 ሥፍራዎች ተጽፈው ነበር፤ ቆላችን ከደጋው ያነሰ የተመረመረ ስለ ሆነ፣ ከእናንተ ልጆች ደብተር የሚገኘው ነገር ሁሉ ለዕውቀት አዲስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር ልለፍ፤ አስቀድሜም ቃል ከገባሁበት ከግሪሳ ልጀምር።

ግሪሳ በዓለም ላይ ካሉት የዱር አእዋፍ ሁሉ በቍጥር የሚበልጥ ነው ይባላል። ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው፤ በቀን የሚበላውም 10 ግራም ያህል ፍሬ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ያደረበትን ቁጥቋጦ ያስብ፤ 10 ግራም በአንድ ሚሊዮን ሲባዛ በቀን 100 ኩንታል ነው። የገበሬው ቍጣ ስለዚህ ምክንያት አለው፤ መንግሥታትም ይህን አውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አማካይነት ከአንበጣው ጋር ግሪሳንም በአውሮፕላን መድኃኒት ሲዋጉት ኖረዋል። ይህን ጦርነት እኔ አልቃወምም። የምቃወመው ሳይለዩ መዋጋትን ነው።

መለየት የሚጀምረው ከምንቃሩ ነው። ወንዱ ግሪሳ ምንቃሩ ቀይ፣ በሚራባበት ወራት ፊቱ በጥቁር ጭምብል የተሸፈነ ነው፤ የሴቷ ምንቃር በዚያው ወራት ወደ ቢጫ ይለወጣል። በክረምት እንደ ፍም ቀልቶ በረጅም ሣር ላይ የሚታየው ሌላው ወፍ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ልብሱን አውልቆ ቡናማ ይሆንና በመንጋ ሲሄድ ግሪሳን ይመስላል፤ ምንቃሩ ግን ቀይ አይደለም። ጎጆ ሠሪዎቹ ሸማኔ ወፎችም፣ ድንቢጦችም በዚሁ ስሕተት ይወነጀላሉ። ደግሞም አስተውሉ፤ ግሪሳ ራሱ የዱር ሣር ፍሬ ባለበት ጊዜ ከማሽላ ይልቅ እርሱን ይመርጣል፤ ሣሩ በታረሰና በተቃጠለ መጠን ወደ እርሻ ይገፋል። ስለዚህ በእርሻ መካከል የሚቀረው የሣር መሬት ከንቱ ጠፍ አይደለም።

መድኃኒቱ ደግሞ በማታ፣ መንጋው በሚያድርበት ቁጥቋጦ ላይ በሚረጭ ጊዜ፣ የሚሞተው ግሪሳ ብቻ አይደለም። በነጋው የተመረዘውን፣ መብረር ያቃተውን ወፍ ሊበሉ ጭልፊት፣ ንሥር፣ አባ ኮዳና ጉጉት ይመጣሉ፤ መርዙ ለእነርሱም ያልፋል። እነዚህ ግን ከቀን ወደ ቀን፣ ያለ ደመወዝ፣ ግሪሳንና አይጥን ሲያድኑልን የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የግሪሳ ማደሪያ ያገኘ ሰው በወቅቱ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይንገር፤ በራሱ እጅ መርዝ አይበትን፤ ከርጭት በኋላ ልጆች የወደቀ ወፍ ለቅመው እንዳይበሉ ይከልክል፤ የቻለም የሞተውን ሰብስቦ ይቅበር። ማደሪያው ገና ትንሽ ሳለ ከተነገረ ርጭቱም ያንሳል፤ ከማማው ላይ ሆኖ በትክክል መመልከት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

መርዝን ካነሣሁ ዘንድ ስለ ጥንብ አንሳም ልናገር። የጥንብ አንሳ ወገኖች አገራችን ውስጥ በየቄራው፣ በየአደባባዩ ስለሚታዩ የማያልቁ ይመስሉናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ጥንብ አንሶች አራቱ ዝርያዎች በዓለም ፈጽሞ ሊጠፉ በጣም ከተቃረቡት ወገን ተቈጠሩ። ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። አንድ ሰው ጅብ ወይም ውሻ ሊገድል በሬሳ ላይ መርዝ ያኖራል፤ ጅቡ ሳይመጣ አንድ መቶ አሞራ ቀድሞ ይመጣል። ከፖርት ሱዳን አጠገብ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመርም፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ እኛ አገር የሚሰደደውን ነጩን ጥንብ አንሳ ለብዙ ዓመታት ሲገድል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቋርጧል፤ አንድ ሽቦ ከእኛ ሩቅ ሆኖ የእኛን ሰማይ ባዶ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያስረዳ ነው።

ስለ ዛፍ አጭር ቃል አለኝ። እርኩም ጎጆ የሚያደርገው በአሮጌ፣ ግንዱ ባዶ በሆነ ትልቅ ዛፍ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥሎ አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል። ለሰሊጥና ለጥጥ መሬት ሲመነጠር «ይህ ዛፍ አርጅቷል፣ ባዶ ነው፣ ማገዶ ይሁን» የሚባለው ያው ዛፍ ነው። መሬት የሚመነጥር ሁሉ፣ ገበሬም ሆነ ባለ ሀብት፣ ባዶ ግንድ ያላቸውን ጥቂት ዛፎች ይተው፤ ይህን ያህል ጥላ ሰሊጡን አያደኸየውም። ባዶ ግንድ የጠፋበት አገር እርኩምን በሕግ ቢጠብቀው እንኳ ማሳደሪያ አይኖረውም፤ ሕግ ማደንን ሊከለክል ይችላል እንጂ ዛፍ አይተክልም።

የገዳማትንና የአድባራትን ደኖች መጠበቅ አዲስ ምክር አይደለም፤ በዚሁ ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን መነኮሳቱ ምሳር ሳያሳርፉበት የኖረ ስለ ሆነ የሚያስረዳው ራሱ ነው። የኦሪት ሕግም በዘዳግም፣ በጎጆዋ ላይ የተቀመጠችን እናት ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር አንድ ላይ መውሰድን ይከለክላል፤ ከካህናት አባቶቼ የምለምነው ይህችን ክፍል በማሽላ ወራት ለወንጭፈኞቹ ልጆች አንድ ጊዜ እንዲያነቡላቸው ነው፤ የሌላው ሃይማኖት አባቶችም በእምነታቸው ያለውን ምሕረት እንዲያስተምሩ ነው።

በመጨረሻ ስለ አላጥሽ። በቋራ የሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ሲከለል ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከእርሱም ጋር የሚዋሰነው የሱዳኑ የዲንደር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለ ነው። በዲንደር ሜዳ ላይ ወንዙ የተዋቸው ጎባጣ ሐይቆች፣ በበጋ ለብዙ ሺህ አእዋፍ መጠለያ የሚሆኑ፣ የሚሞሉት ከኢትዮጵያ ተራራ በሚወርደው ውኃ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ደን ተመንጥሮ አፈር ወደ ወንዙ ሲጋዝ፣ ሐይቆቹ በዚያ በኩል ይደፈናሉ፤ በእኛ ወገን ያለውም ወፍ የበጋ ማረፊያውን ያጣል። የሁለቱን ፓርክ ጠባቂዎች አንድ ላይ አስቀምጦ ደብተር ማስተያየት ቢቻል የሁለቱም ሥራ ይቀላል፤ ይህ የእኔ አሳብ ብቻ ነው፤ የሚሻለውን የሚያውቁ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

መምህራን ሆይ፤ ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። በየትምህርት ቤታችሁ አንድ ወፍራም ደብተር አኑሩ፤ በየሳምንቱ ከማማ የመጣ ልጅ ያየውን እያስጻፋችሁ፣ የግሪሳ ማደሪያ የተገኘ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ለግብርና ባለሙያ፣ ባዶ ግንድ ውስጥ የእርኩም ጎጆ የተገኘ እንደ ሆነ ለባለ መሬቱ አስታውቁ። ግሪሳውን ያመለከተና እርኩሙን ያስጠበቀ አንድ ደብተር ይሁን። እኔ የያዝሁት ነገር ይህ ነበር፤ ከገበሬዎች በኩል የሚነሣ ጥያቄና ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁና፣ ከእነርሱ እንጀምር።